የአቶ በሱፍቃድ የእንጨት መዶሻ

አቶ በሱፍቃድ እጃቸው ለድኻ ያልታጠፈ፣ ደጃቸው ለእንግዳ ያልተዘጋ፣ አንደበታቸው ሐሜትን የማያውቅ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ይህን የምመሰክረው በአንድ የጽዋ ማኅበር ሠላሳ ዓመት አብሬአቸው ተቀምጬ ስላየሁ ነው። ኮታቸውን ለለመናቸው ሹራባቸውን ጨምረው ይሰጣሉ። ሆኖም የአዳም ልጅ ያለ ጉድለት አልተፈጠረምና እሳቸውም አንዲት ነገር ይነፍጉ ነበር፤ ይኸውም የሚያውቁትን ነው።

ሥራቸው የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ነው። ሱቃቸው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ በአንድ ጠበቃ ቢሮና በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መካከል ተጣብቃ ትገኛለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ከተክለ ሃይማኖትና ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን አሸክመው ይመጣሉ። አቶ በሱፍቃድ መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ከምስማር ላይ አንድ ሰፊ ጥቁር ጨርቅ አውርደው፣ እንደ ድሮ ፎቶ አንሺ፣ ራሳቸውንም መኪናዋንም ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የጨርቁ መንቀሳቀስ፣ የሚሰማውም የብሎን ድምፅ ብቻ ነው። ሲጨርሱ ጨርቁን ይገልጣሉ፤ ከመሳቢያ ትንሽ የእንጨት መዶሻ ያወጣሉ፤ የመኪናዋንም ጎን ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። መኪናዋም ትሠራለች። ባለመኪናውም በመደነቅ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

“መዶሻዋ ምን ታደርጋለች?” ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

“ምንም አታደርግም፣ መሪጌታ” አሉኝ በሹክሹክታ። “ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። እሷን ሲያይ ሌላውን ማየት ይተዋል።”

“ታዲያ ይህ ማታለል አይደለምን?”

“እኔ መዶሻዋ ታድናለች ብዬ አልተናገርሁም። መታሁ እንጂ።”

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሰው ሁሉ ጥብቅናን ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል።

ምክንያት ግን ነበራቸው። ሙያውን ያስተማሯቸው መምህራቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ሚደቅሳ፣ በልደታ ማርያም ደጅ አቁመው “ከአብራክህ ከወጣ ልጅ በቀር ለማንም አታሳይም” ብለው አስምለዋቸዋል። የጥንት መድኃኒት ዐዋቂዎች ሥሩንና ቅጠሉን ለበኵር ልጃቸው ብቻ፣ እሱንም ሊሞቱ ሲሉ እንደሚነግሩት ዓይነት ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ለአቶ በሱፍቃድና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸዋዓለም አንዲት ልጅ ብቻ ሰጣቸው። ስሟ ወይንሀረግ ነው። ወይንሀረግ የተማረች፣ በመሥሪያ ቤቷ የተከበረች ልጅ ናት፤ ነገር ግን የሸሚዟ ቁልፍ ሲበጠስ ሸሚዙን ጎረቤት ትልካለች። ስለዚህ የአቶ በሱፍቃድ ጥበብ ከእሳቸው ጋር ወደ መቃብር ለመውረድ ጓዙን ሸክፎ ይጠብቅ ነበር።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ወይንሀረግ ለአባቷ ዘመናዊ ስልክ የገዛች ጊዜ ነው። በቴሌግራም “የልብስ ሰፊዎች መድረክ” ወደሚባል፣ አሥራ አራት ሺህ ሰው ወዳለበት ማኅበር አስገባቻቸው። “አባዬ፣ ምንም አትጻፍ፤ ዝም ብለህ እያነበብህ ተዝናና” አለቻቸው። አሥራ አራት ሺህ ሰው በአንድ ማኅበር! እኛ ሃያ አራት ሆነን እንኳ በዳቦው ውፍረት ሁለት ጊዜ ተጣልተናል።

ሁለት ሳምንት አነበቡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው “መኪናዬ ስፌት ትዘልብኛለች፤ ምን ላድርግ?” ብሎ ጠየቀ። ማስተር ሮቤራ የሚባል ሰውም እንዲህ ብሎ መለሰለት፦ “ጎኗን በእንጨት መዶሻ ሦስት ጊዜ ምታት። የልደታ ጥበብ ነው። ተፈትኗል።” ከሥሩ ስድስት መቶ ቀያይ ልብ ተሰጥቶታል። ከዚያም ዝቅ ብሎ ሌላ ሰው “የእኔይቱ ተሰነጠቀች” ብሎ ጽፏል። ማስተር ሮቤራም “አራት ጊዜ መትተህ ይሆናል” ብሎታል።

አቶ በሱፍቃድ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው፣ በአንዲት ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደክመው ይህን ጻፉ፦ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። የተከበሩ ጠያቂ ሆይ፣ መኪናዎን አይምቱ። መርፌው ዞሮ ገብቶ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው ወገኑ ወዴት እንደሚመለከት ይዩ። ክሩንም በምራቅ አያርጥቡ። በሱፍቃድ፣ ከልደታ።”

ብዙም ሳይቆይ “ሠራች! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ!” የሚል መልስ መጣ። አንድ ቀይ ልብም መጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎም ሃያው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የተገደበ ውኃ መውጫ አገኘ። ከጅማ ይጠይቃሉ፤ ይመልሳሉ። ከወልድያ ይጠይቃሉ፤ ይመልሳሉ። አንድ ባለጉዳይ ሱቃቸው ውስጥ ቆሞ “ጋሼ፣ የእኔ መኪና እኮ እዚሁ ፊትዎ ናት!” ቢላቸው “የወልድያው ሰው ቀድሞሃል፤ ተራህን ጠብቅ” አሉት። የወልድያውን ሰው ሸኝተው ወደዚህኛው መኪና ሲመለሱ ግን ያው ጥቁር ጨርቅ ከምስማሩ ይወርዳል፤ ያችው መዶሻም ኳ፣ ኳ፣ ኳ ትላለች። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ለአሥራ አራት ሺህ ለማያውቁት ሰው የገለጡትን፣ ትንፋሹ ከሚሰማቸው ሰው ይሸፍኑ ነበር።

ጥር አንድ ቀን የልደታ ጽዋ ተራው እሳቸው ቤት ነበርና ጽዋው ሲዞር ስልኩም አብሮ ዞረ።

“ይህ ቀይ ነገር ምንድን ነው?” አልኋቸው።

“ልብ ነው፣ መሪጌታ። ስምንት መቶ አርባ።”

“ሰዎቹን ታውቃቸዋለህ?”

“አንዳቸውንም አላውቅ።”

ወይዘሮ ሸዋዓለም ዳቦ እየቆረሱ “እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰጠሁትን ልብ አንድ ቀን እንኳ ለማኅበር አሳይቶት አያውቅም” አሉ። ማኅበሩ በሙሉ ሳቀ፤ አቶ በሱፍቃድም ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ፤ ወዲያው ድምፅ ሲያሰማ ግን መልሰው አወጡት።

እኔም ነገሩ ይከነክነኝ ነበርና ሲነፍጉ የኖሩትን ምን አስለገሳቸው ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ “ለሕዝብ ጥቅም ነው” አሉኝ። በሌላ ቀን “ሀገር እንድታድግ” አሉኝ። በሦስተኛው “መክሊቱን እንደ ቀበረው እንደዚያ ሰነፍ ባሪያ እንዳልሆን” አሉኝ። ወንጌል ሲጠቅሱ በሰማሁ ጊዜ እውነቱ ገና እንዳልወጣ ዐወቅሁ። ሰው ቃለ እግዚአብሔርን መሸፈኛ ሲያደርገው ከየትኛውም ጥቁር ጨርቅ ይልቅ ይከድናልና።

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን፣ በእመቤታችን በዓል፣ ከቅዳሴ ወጥተው ያን የማሉበትን ደጅ ሲሳለሙ መሐላቸው ትዝ አላቸው። ወደ እኔ መጥተው ነጠላዬን ያዙ።

“መሪጌታ፣ መሐላዬን አፈረስሁ ይሆን?”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

“በአፌ እኮ አልተናገርሁም። በጣቴ ነው የጻፍሁት።”

“ሱቅህን ከጠበቃው ቢሮ አጠገብ ያደረግህ ጊዜ ነው የተበላሸኸው” አልኋቸው። “ሂድና ለንስሐ አባትህ ንገር።”

እዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይታወቅ። አቶ በሱፍቃድና ወይዘሮ ሸዋዓለም በዚያ ዓመት በግንቦት ልደታ አብረው ለመቁረብ ተዘጋጅተው ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ፣ በስተእርጅና፣ በአንድ ላይ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ሊቀበሉ ነው። ወይዘሮ ሸዋዓለም የሁለቱንም ነጭ ልብስ አሰፍተው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል፤ በየሳምንቱም እያወጡ ያዩት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን የነገሩኝ ራሳቸው አቶ በሱፍቃድ ናቸው፤ ካህን የተናዛዡን ምስጢር አያወጣምና። የንስሐ አባታቸው መምሬ ደገፋ በዚያው ዕለት ሁሉን ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው።

“ለምን አስተማርህ?”

“ለሕዝብ ጥቅም …”

“እሱን ለማኅበሩ ነግረሃል። ለእኔ የቀረውን ንገረኝ።”

 አቶ በሱፍቃድም “አባቴ፣ መዶሻዋ የእኔ ናት” አሉ። “እኔ ሰው ላደናግርበት የመታሁት፣ ዛሬ በየሀገሩ የድኻ መኪና እየሰነጠቀ ነው። ውሸቴን ስድስት መቶ ልብ ተሰጥቶት አየሁት። እሱን ላጠፋ ብዬ ጀመርሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ … ልቦቹ ጣፈጡኝ።”

መምሬ ደገፋም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ “መሐላው ጥበብን ለመቅበር የተማለ ነውና እግዚአብሔር ይፍታህ። ማስተማሩን አትተው፤ መዶሻዋ ገና እየመታች ነው። ልቦቹን ግን ጹም። ከዛሬ ጀምሮ አርባ ቀን ስምህን ሳትጽፍ፣ ማን እንደሆንህ ሳትናገር አስተምር። አርባው ሚያዝያ ሠላሳ ቀን ይፈጸማል። በማግስቱ በልደታ ከባለቤትህ ጋር ትቆርባለህ። ካፈረስኸው ግን ለሌላ ዓመት ነው።”

አቶ በሱፍቃድ በስልኩ ላይ ስማቸውን አጥፍተው “አንድ ኃጢአተኛ” ብለው ጻፉ። እንዳይታወቁም በስመ አብን በአፋቸው ብቻ እየደገሙ፣ ስለ ምራቁ የሚሰጡትንም ምክር ተዉት። “መሪጌታ፣ አሥራ አራት ሺህ ሰው ክሩን በምራቅ እያራሰ ነው፤ እኔ ግን ዝም ብያለሁ” እያሉ ይቃትቱ ነበር። ሥጋና ቅቤ መተው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ድግስ እንደሆነ ነገሩኝ።

ማኅበሩ ግን ኃጢአተኛውን አልተቀበለም። “ስንት መኪና ሰርቀህ ነው?” አለ አንዱ። ማስተር ሮቤራም ባዶውን ወንበር አግኝቶ መዶሻውን እንደ ገና ያስተምር ጀመር። ኃጢአተኛው ሊያርመው ቢሞክር “አንተ፣ ጋሽ በሱፍቃድ ቢኖሩ ኖሮ ያሳፍሩህ ነበር! ከእሳቸው ሂድና ተማር!” ብሎ ገሠጸው። ለዚህ ተግሣጽ ብቻ አንድ መቶ ልብ ተሰጠ።

“ከራሴ እንድማር መከሩኝ፣ መሪጌታ!” አሉኝ።

“ክፉ ምክር አይደለም” አልኋቸው።

ፋሲካም መጣ። ሕዝበ ክርስቲያን ጾሙን ሲፈታ የእሳቸው ጾም ቀጠለ። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ለልደታ አራት ቀን ሲቀረው፣ ልክ በምሳ ሰዓት ቀመሪያ የምትባል ልብስ ሰፊ ከኮምቦልቻ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ “የእኅቴ ልጅ ሠርግ ነገ ነው። ቀሚሷ መኪናው ላይ እንዳለ መኪናዋ ቀጥ አለችብኝ። መዘውሩም አልዞር አለ። በአላህ ድረሱልኝ!”

“ሦስት ጊዜ ምቺያት” አለ ማስተር ሮቤራ።

“እኅቴ፣ አይምቱ! ክር ተጠምጥሞባት ነው” አለ አንድ ኃጢአተኛ።

“ማንን ልመን? ማስተሩን ነው ኃጢአተኛውን?”

“እኔን እመኚ!” አለ ሮቤራ። “ጋሽ በሱፍቃድ እዚህ አይምቱ ቢሉም እሳቸው ሲመቱ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ፣ አንዴ አይደለም መቶ ጊዜ። በጨርቅ ተሸፍነው ይሠሩና መጨረሻ ላይ በእንጨት መዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። እናቴን! ኃጢአተኛው ይካድ እስቲ።”

ኃጢአተኛው ሊክድ አልቻለም፤ እውነት ነበርና።

“ጋሽ በሱፍቃድ ከመቱማ አለቀ” አለች ቀመሪያ። “መዶሻ የለኝም። የበርበሬ መውቀጫ ዘነዘና አንሥቻለሁ። ልምታ?”

 “በሱፍቃድ እኔ ነኝ፤ አይምቱ” ብለው አቶ በሱፍቃድ ቢጽፉ ሴቲቱ ዘነዘናውን ታስቀምጣለች፤ ነጩ ልብስ ግን ሌላ ዓመት ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ዝም ቢሉ ደግሞ የራሳቸው ውሸት በራሳቸው ስም ኮምቦልቻ ላይ ሊወርድ ነው። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ዐረፈ። ተነሥተው “እየቀረጽሁ ነው፤ ጥቂት ይታገሡ” ብለው ጻፉ። ስልኩን በዘይት ቆርቆሮ አስደግፈው፣ ካሜራው እጃቸውን ብቻ እንዲያይ አድርገው፣ በጠረጴዛቸው ላይ ባለች መኪና ያለ ጨርቅ ማሳየት ጀመሩ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

“እኅቴ፣ ዘነዘናውን ያስቀምጡ። መርፌውን ያውጡ። እነዚህን ሁለት ብሎኖች ይፍቱና ይህችን ሳህን ያንሡ። የታችኛውን ክር ከነቤቱ ያውጡት። አሁን መዘውሩን በቀስታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ያወዛውዙ፤ ግድ አይበሉት። ይኸው የክሩ ጫፍ ብቅ ይላል፤ በወረንጦ ይሳቡት። አንድ ጠብታ ዘይት። በቃ። የመዶሻዋን ነገር የተናገረው ሰው ያየውን ነው የተናገረው። ነገር ግን መዶሻዋ ምንም አትሠራም። ተመልካች እውነተኛውን ሥራ እንዳያይ የተበጀች ማደናገሪያ ናት። ይህን ያደረገው ሰውዬ በደለኛ ነው …”

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋዓለም ምሳ ዕቃ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ።

“አንተ በሱፍቃድ! ምሳው በረዶ ሆነ እኮ! ዛሬም ከዚያ ስልክ ጋር ነው የምትበላው?”

አቶ በሱፍቃድ ደንግጠው ስልኩ ላይ ተወረወሩ። ጣታቸው ግን ማጥፊያውን ስቶ መላኪያውን ነካ።

ጥቂት ደቂቃ አለፈ። መጀመሪያ የመጣው የቀመሪያ ድምፅ ነው፦ “ዞረች! አልሐምዱ ሊላህ፣ ዞረች!” ቀጥላም “ቆይ ግን … ሴትዮዋ በሱፍቃድ ነው ያሉት?” አለች።

ከዚያማ ጎርፍ ሆነ። “ጋሼ! ያን ያህል ዘመን በመዶሻ ሸወዱን?” “አቤት አራዳ!” “የተሰነጠቀችውን መኪናዬን ማን ሊተካልኝ ነው?” “የመዶሻው ንጉሥ!” አንዲት ሴት ብቻ “ኧረ መጀመሪያ ምሳቸውን ይብሉ” ብላ አዘነችላቸው።

ምሳው አልተበላም። ሁለቱም ሱቁን ዘግተው ወደ መምሬ ደገፋ ገሠገሡ። ወይዘሮ ሸዋዓለም መንገዱን ሙሉ “ብላ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?” ሲሉ፣ አቶ በሱፍቃድ “ነጩ ልብስሽ ቀረ፤ ይኸው ቀረ” ሲሉ ደረሱ። መምሬ ደገፋ ነገሩን እየሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ስምህን አንተ ተናገርህ?”

“አልተናገርሁም። እሷ ጠራችኝ።”

“ቀዩ ልብ መጣልህ ወይ?”

“ምን ልብ አለ፣ አባቴ! ስድብ ነው የመጣው።”

“እንግዲያ እኔ የከለከልሁህ ውዳሴን ነው። የመጣብህ እፍረት ነው። እፍረት ጾም አይገድፍም። ሦስቱን ቀን ጨርስና በልደታ ቁረብ።” ከዚያም ወደ ወይዘሮ ሸዋዓለም ዞረው፣ ለማስመሰል ፊታቸውን አክብደው፣ “አንቺ ግን ጾመኛን በስሙ ስለ ጠራሽ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ” አሉ።

“በዓለ ሃምሳ ነው፣ አባቴ” አሉ ወይዘሮ ሸዋዓለም ሳይዘገዩ። “ስግደት የለም።”

“ሲወጣ ትሰግጃለሽ።”

“ሲወጣ ደግሞ እርስዎ ይረሱታል።”

 እኔ ይህን የምጽፍ እስከ ዛሬ መርሳታቸውን አረጋግጣለሁ።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ጺሙ ሽበት የጀመረው አንድ ሰው ከተክለ ሃይማኖት አቅጣጫ መጣ። በእጁ የእንጨት መዶሻ ይዟል።

“ጋሼ፣ ሮቤራ እባላለሁ።”

አቶ በሱፍቃድ ከወንበራቸው ተነሡ። “መቶ ጊዜ በሬ ላይ ቆመሃል። አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“ጨርቁ እያለ እንዴት ልጠይቅዎ? ያየሁት መዶሻዋን ብቻ ነው።”

“እሺ፣ ያላረጋገጥኸውን ለምን አስተማርህ?”

ሰውየው አንገቱን ደፋ። “ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ፣ ጋሼ። የማውቀው ደግሞ እሷኑ ነበር። የራሴንም ሁለት መኪና ሰነጠቅሁባት።”

አቶ በሱፍቃድ ወደ ምስማሩ ሄደው ጥቁሩን ጨርቅ አወረዱ። ሁለቱን ጫፍ ይዘው ከመካከሉ ተረተሩት፤ ግማሹንም ለሮቤራ ሰጡት። “ዘይት ስትነካ እጅህን ጥረግበት። ግባ፤ መኪኖችህንም ነገ አምጣቸው።” እኔ ሦስተኛ ሰው ነበርሁና እንደ ሱቁ ደንብ በር ላይ ቀረሁ። ከዚያ ሆኜም ሥራው ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ሲገለጥ በዓይኔ አየሁ። ከሥራውም ሁሉ የከበደው መርፌን አስተካክሎ ማስገባት ነው።

ግንቦት ልደታ ነጩ ልብስ ከሣጥኑ ወጣ። በአደባባዩ የተመለከታቸው ሰው ሁሉ “ሙሽሮች” ይል ነበር። አቶ በሱፍቃድ ዛሬም በዚያ የቴሌግራም ማኅበር ይመልሳሉ፤ በስመ አብም ተመልሷል፤ ምራቁም ተከልክሏል። ከመልሳቸው ሥር ግን “በሱፍቃድ፣ ከልደታ፤ ቀድሞ በመዶሻ ያደናገርሁ” ብለው ይፈርማሉ።

የልደታዋ እመቤት ቤታቸውን ትጠብቅ፤ የእጃቸውን ጥበብ ትባርክ፤ ለወይንሀረግም ቁልፍ የምትተክልበት ትዕግሥት ትስጣት። የወይዘሮ ሸዋዓለም ምሳም በትኩሱ የሚበላ ያድርግልን። አሜን።